የኤርሚንዳ ቁልቁለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬን ይዤ ኖርኩ፤
በቫልፓራይሶ ዳገት፣ በገመድ በምትሳብ ባቡር
ሰው አወጣሁ፣ ሰው አወረድኩ፤
ቁልቁለትን የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ አልኩ።

ጎረቤቴ ኤርሚንዳ፣ በሆስፒታል እጥበት ቤት
እጇን በአንሶላ የጨረሰች፣ በፈላ ውሃ ዓመት ካመት፣
ጡረታ ስትወጣ የቀራት ነገር
አንድ ቆርቆሮ ቤት፤ ከቤቱም ኋላ
መሰላል መስሎ የቆመ አፈር።

ባሕር ዛፍ ነበረው፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣
የዳገቱን ውሃ ለብቻው የጠጣ።
በየካቲት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስና እሳት አብረው መጡ፤
ዛፎቹ በገዛ ዘይታቸው ነደዱ።
ቤቷ ተረፈ። እንዴት እንደሆን እንጃ።
ሰኔ ሲገባ ያ ጥቁር አፈር
ያለ ፍሬን ወረደ፤ ከማድ ቤቷ
ጭቃ በድስት ስንዝቅ አደርን።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ልጅ፣ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣
«መድኃኒቱ ሲሚንቶ ነው» አለ፤ ዋጋውን ጽፎ ሄደ ቶሎ።
ወረቀቱን አጣጥፋ
ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችው።
በነጋታው አካፋ ገዛች።

የተቃጠለውን ግንድ አግድም እያስተኛች፣
ድንጋይ እየደገፈች፣
እርከን ሠራች። አንድ ቀን አንድ ክንድ፣ አንድ ቀን ምንም።
እኔ ካጥር ማዶ፣ ሻዬን ይዤ፣
«ውሃ መንገዱ አንድ ነው፣ ቁልቁል! ሽማግሌ አይመክረውም!»
እሷ ቀና ሳትል፦ «ቁልቁል ይሂድ፣ ማን ከለከለው፤
እየተቀመጠ፣ እየተነፈሰ ይሂድ ነው የምለው።»

ከዚያ ሸለቆ ወርዳ ፍሬ ለቀመች፤
በእርጎ ጣሳ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ አበቀለች።
ኪያይ፣ ቦልዶ፣ እሾኻሙ ቻጓል፣
ይኼ አፈር የወለዳቸው፣
እኛ «ቁጥቋጦ» ብለን ያለፍናቸው።

«ይበላል?» አልኩ። «አይበላም።»
«ያምራል?» «ቆይ።»
«ታዲያ ለማን ነው?» «ለሚመጣው።»
«ማን ነው የሚመጣው?»
«እኔ ምን አውቄ። በስም አልጠራሁም።»

በመጀመሪያው ዓመት ገሚሱ ደረቀ፤
የተረፈውን ጥንቸል ጨረሰው።
አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤
«ብዬ ነበር» ማለት እንዴት ይጣፍጣል።
እሷ ግን ጣሳዎቿን አጥባ እንደገና ጀመረች።

በሁለተኛው፣ በሞቀ ድንጋይ ላይ
አንገቷ አረንጓዴ እንሽላሊት ተሰጣች።
በሦስተኛው፣ አውራ ጣት የሚያህል፣
ብርቱካንማ ጠጉር የለበሰ ንብ
እንደ አሮጌ አውቶቡስ እያጓራ መጣ።
በልጅነቴ ነበር ያየሁት። አልቆ መስሎኝ ነበር።
ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አንድ ቀን የኪያይ ቅርፊት ከሸለቆ አምጥታ
በገንዳ ውሃ አሸችው፤ እንደ እንዶድ አረፋ ደፈቀ።
እጇን እስከ ክርን ነክራ ዝም አለች፣
ዝም አለችና፦ «ያን ሁሉ ዘመን ቆዳዬን ለዱቄት ስገብር
ሳሙናው እዚህ ቆሞ ኖሯል» አለች።
ምን ይመለሳል? አጥሬን ማጥበቅ ያለብኝ መሰለኝ፤
ያልላላ ምስማር መታሁ።

ዘንድሮ ሰኔ፣ ለሦስት ሌሊት ሰማይ ተቀደደ።
ቦት ጫማዬን አድርጌ፣ አካፋ ጭኔ ላይ፣
ያን የማውቀውን ድምፅ፣ ፍሬን የበጠሰ አፈር ሲወርድ፣ ጠበቅሁ።
የሰማሁት ሌላ ነው፤ ውሃው ከእርከን እርከን
ዳገት እንደ ወጣች አሮጊት ቁጭ እያለ፣ እየተነሣ።
ሲነጋ ገብቼ አየሁ። የማድ ቤቱ ወለል ደረቅ፣
ከታችኛው እርከን ሥር ጎድጓዳ ውሃ፣
ውሃው ውስጥ አንድ እንቁራሪት፣
ባለቤት መስላ አፈጠጠችብኝ።
ኤርሚንዳ ተኝታለች።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ቆሜ፣
«ያ አረምሽ» አልኩ፣ «ስሙ ማን ነበር?»
አልሳቀችም። ይኼን ውለታዋን አልረሳም።
አንድ የእርጎ ጣሳ በአጥሩ ላይ አሻገረችልኝ።

መስኮቴ ላይ ነው። ሁለት ቅጠል አወጣ፤
አንዷን ቀንድ አውጣ በላት።
ላነሣው እጄን ዘረጋሁና
ተውኩት።